ቤሌን ያጨለምኩበት ጊፋታ

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ አረካ መድረስ ነበረብኝና ከሶዶ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ «አረካ አንድ ሰው! አረካ የሞላ!» ይላል፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ገና አምስት ሰው ይቀራል። እንዲህ ተቀምጠን ስንጠብቅ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር አንድ ሽታ ተነሣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ላምባ ነው። ዛሬ ላምባ የሸተተው ሰው ፊቱን ያዞራል፣ መስኮት ይከፍታል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የጎረምሳነቴ ዘመን እንዳለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ያውም ሳይከፍል። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሽታው ከበድ ያለ ነው፣ ቅባት ቅባት ይላል። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፣ ሽማግሌ ሰው ነኝ፤ ሞያ ግን ዝም አያሰኝም። ጎንበስ አልኩና ጀሪካኑን በእግሮቿ መሀል አጥብቃ የያዘችውን፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ያወረደችውን ሴት፣ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይሄ ላምባሽ ናፍጣ ገብቶበታል» አልኳት።

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሳትከፍተው በምን ቀመስከው?» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ትንሽ አሰበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዳልኬ! ወላሂ ዳልኬ ነህ! ይቺ አፍንጫ እስካሁን አለች?»

ዘይነባ ነበረች፣ የሐጂ ሸምሱ ልጅ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው መቼ እንደሆነ ሁለታችንም ማስታወስ አልቻልንም። አረካ ያለው የልጅ ልጇ የብረት በር አሠርቶ፣ ለቀለም ማቅጠኛ ላምባ ይዘሽልኝ ነይ ብሏት እየሄደች ነው። «በዚህ የቀጠነ ቀለም እስከ ፋሲካም አይደርቅም» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ቁርጥ የአባቷ ነው። ቦታ ተቀያይረን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ አረካ እስክንደርስም አፋችን አልተከደነም። ብዕር ያነሣሁት በዚያ መንገድ ላይ የነገረችኝን አንድ ነገር ልጽፍ ነው። እሱን ብቻ ነጥዬ ብነግራችሁ ግን ክብደቱ አይገባችሁምና ከሥሩ ልጀምር።

የሐጂ ሸምሱ ሱቅ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው ጥግ ላይ ነበር። ዛሬ እዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከታች ስልክ ይሸጣል፣ ከላይ የጥርስ ሐኪም አለ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም፣ ጉልበቴ አያደርሰኝም። ያን ጊዜ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነበር። ፊት ለፊት፣ ባንኮኒው ላይ፣ አዲስ ሙሽራ የነበረችው ዘይነባ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ክር ትሸጣለች። ከኋላ የላምባ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ የኔ ቦታ እዚያ ነው። ከማዶ ካሴት ቤቱ አለ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ የወላይታ የሠርግ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮሃል፣ ካሴቱ ሲበላበት በእስክሪብቶ እያዞረ ይጠቀልለዋል፣ እኛም እስኪጨርስ ሥራ ፈተን እንጠብቀዋለን። ከእሱ ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ ነው። ፎቶ አንሺው አንዲት ቀይ ከረባት ነበረችው፤ የሶዶ ጎረምሳ ሁሉ በየተራ አንገቱ ላይ እያሰራት ነው ፎቶ የተነሣው። የኔም እስከ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያቺው ከረባት፣ የሰፋ ኮሌታ፣ አቧራውን የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ። ፎቶው ሽታዬን ስለማይናገር አመሰግነዋለሁ። ባለቤቴ አስቴር ግን ትናገራለች። «ዳልኬ ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ዞር ብዬ ሳላይ ነበር የማውቀው» እያለች እስከ ዛሬ ታሾፍብኛለች። ልንጋባ ስንል ጓደኞቿ፣ «አደራ፣ እሱ ባለበት ክብሪት እንዳትጭሪ» ብለዋታል።

ሥራዬ ላምባ መለካት ብቻ አልነበረም፣ መፈተንም ነው። ላምባው በሻሸመኔ በኩል በጭነት መኪና ይመጣል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ናፍጣ የነበረበት በርሜል ሳይታጠብ ይሞላበታል። እንዲህ ያለ ላምባ ኩራዝ ውስጥ ሲገባ ይጨሳል፤ ሲያጠኑ ያመሹ ተማሪዎች ጠዋት አፍንጫቸው ጠቁሮ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ በርሜል በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ አሸታለሁ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣቴ አሸዋለሁ፣ በመጨረሻ ከደብተር ወረቀት ላይ ጠብ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ንጹሕ ላምባ ተንኖ ይጠፋል፣ ወረቀቱ እንደነበረው ይሆናል። ናፍጣ ከነካው ግን የማይለቅ ቅባት ይተዋል። አፍንጫዬ ከወረቀቱ ተለይታ አታውቅም፤ ይህን ስል እየኮራሁ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም። አንዱ ጣሳ በስሙኒ ይሸጣል። ተለክቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ምርቃት አለ፤ ከጣሳው በላይ ጨመር የምትደረግ ትርፍ። ሐጂ ሸምሱ ወደ ጓሮ ብቅ ባሉ ቁጥር «መለኪያው የአላህ ነው፣ አይነካም፤ ምርቃቱ የኛ ነው፣ አይቀርም» ይሉ ነበር። ከዳሞታ ተራራ ሥር ድረስ በእግራቸው የሚመጡ እናቶች አምስት ላምባ ሻጭ አልፈው እኛ ዘንድ የሚመጡት ለዚያች ምርቃት ነው። እኔም ንግድ ማለት ይኸው ነው ብዬ አመንኩ፤ ሞልተህ ስጥ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምር። ይህ እምነቴ በኋላ ምን ጉድ እንዳመጣብኝ ትሰማላችሁ።

ከዚያ መብራት በሶዶ ሰፈሮች እየሰፋ መጣ። ዛሬ አንዱ ቤት ሽቦ ያስገባል፣ ነገ ጎረቤቱ ከእሱ ይቀጥላል። ጠዋት ጠዋት ይሰለፍ የነበረው ጠርሙስ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ሐጂ ከአስር ሶላት ተመልሰው ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጡና፣ «ዳልኬ፣ ይቺ ንግድ ታማለች» አሉኝ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አብሬያት አረጃለሁ። አንተ ግን ሦስት ልጅ አለህ። የቤሌ ሰዎች ተሰብስበው ጄኔሬተር ገዝተዋል፣ መብራት ሊሸጡ ነው። የሚያሠራላቸው ሰው ፈልግልን አሉኝ፤ አንተን ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ሐጂ፣ እኔ ኮረንቲ አላውቅም» አልኳቸው።

«እኔ ዘንድ ስትመጣ ላምባ ታውቅ ነበር? ሞተር የሚያውቅማ ሞልቷል። እነሱ የፈለጉት የሚያምኑት ሰው ነው።»

ላመሰግናቸው ሲገባ ተቆጣሁ። ያባረሩኝ መሰለኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገርኳቸውም። ቤሌ ለእኛ ለሶዶ ሰዎች ያን ጊዜ የዓለም ጫፍ ነበረች፤ አውቶቡሱ አቧራ ለብሶ ይሄዳል፣ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ሌላ ምርጫ ግን አልነበረኝም። የአባቴን መሬት ለታናሽ ወንድሜ ለቅቄያለሁ፣ ከላምባ በቀር የማውቀው ነገር የለም፣ ላምባውም እየሞተ ነው። አስቴርንና ልጆቹን ይዤ፣ አልጋዬን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወረድኩ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ላሊሶ የሚባሉ ሸምገል ያሉ በቆሎ ነጋዴ ነበሩ፤ እጄን ሳይለቁ፣ «ታ ኢሻው፣ ወንድሜ፣ አንድ ዓመት እናይሃለን። ከያዝከው ያንተ ነው፣ ካልሆነልህ በሰላም እንሸኝሃለን» አሉኝ። ወዴት ነው የሚሸኙኝ? ይህን ለአስቴር አልነገርኳትም።

ጄኔሬተሩ የተተከለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነው። ቀን የወፍጮው ሞተር በቆሎ ይፈጫል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔ ጄኔሬተሩን አስነሣለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አጠፋለሁ። ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም፤ መብራት የሚሸጠው በአምፖል ነው፣ አንድ አምፖል ያለው የአንድ ይከፍላል። ስለዚህ በየቤቱ እየዞርኩ ማየትም ሥራዬ ነው። ሁለተኛ አምፖል ያስገባች ሴት የኔን ኮቴ ስትሰማ በሰፌድ ትሸፍነዋለች፤ ሰፌዱ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ እያበራ፣ «ምንም የለም፣ ግባ፣ ሙቹዋ ቅመስ» ትለኛለች። ሙቹዋውን በሚያቃጥለው ዳጣ እበላለሁ፣ ሰፌዱን አላየሁም እላለሁ፣ በማግስቱ ራሷ መጥታ ትከፍላለች። ዛሬ አልጋ አጠገብ ለምንሰካት ለዚያች ደካማ አምፖል የቤሌ ሰው ወንበር አውጥቶ ሥሯ ተቀምጦ ያወራ ነበር። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኔ ግን አሁን ሁለቱንም አይቼ፣ ምንጯን ማመስገኔን አልተውኩም።

ከሶዶ የመጣው መካኒክ ሁለት ሳምንት አሠልጥኖኛል። የቮልት መለኪያዋን አሳየኝ፤ መስታወቷ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ጭረት አድርጎባት፣ «መርፌዋ እዚህ ላይ ትቁም። ዝቅ ካለች ነዳጅ ጨምር፣ ከፍ ካለች ቀንስ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ልቤ ግን የላምባ ሻጭ ልብ ነው። ያቺን ቀይ ጭረት ያየኋት ጣሳ ላይ እንዳለ የመለኪያ ምልክት ነበር፤ እስከዚያ መሙላት ግዴታ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የሻጩ ቸርነት።

ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ አዲስ ዓመት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት አልችልም፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ሥጋ በየቤቱ ይገባል፣ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው እንዳይቆሽሽባቸው እየተንቀረፈፉ ይሄዳሉ። ስምንት ወር ሙሉ ያለ እንከን ሠርቻለሁ፤ በሄድኩበት ያበሉኛል፣ በስሜ ይጠሩኛል። እኔስ ምን ልስጣቸው? ሳስብ ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ምርቃት! እስከ ዛሬ ለክቼ ብቻ ነው የሸጥኩላቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ምርቃት አልጨመርኩም። እንዲያውም አፈርኩ። በበዓሉ ዕለት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሞተሩን አስነሣሁ፣ መርፌዋን ቀይዋ ጭረት ላይ አቆምኩ፣ «በስመ አብ» ብዬ የነዳጅ መስጫውን ወደ ላይ ገፋሁት።

መርፌዋ ጭረቷን አለፈች። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለችው አምፖል ከቢጫነት ወደ ነጭነት ተለወጠች። ከውጭ እልልታ ሰማሁ። ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር እልልታ! ሴቶቹ ደጅ ወጥተው ሲጨፍሩ በበሩ ይታየኛል፤ እንባዬ መጣ። እግዜር ይይልኝና፣ በደስታ ትንሽ ጨመርኩበት። ያኔ ከልብስ ሰፊው ቤት በኩል «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ከቡና ቤቱ፣ ቀጥሎ ከአቶ ላሊሶ ቤት፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ በቆሎ የሚቆሉ ይመስል። የኔዋም አናቴ ላይ ፈነዳች። ሞተሩን ያጠፋሁት በዳበሳ ነው። የልብስ ሰፊው ቴፕ ሪከርደር ተቃጠለ፣ የቡና ቤቱ ሬዲዮ ጨሰ፣ በቤሌ ከተማ አንድም አምፖል አልተረፈም። እልልታው ወዴት እንደሄደ አላውቅም። አንዲት ሴት በጨለማው ውስጥ፣ «መብራቷ ሞተች!» ብላ ስታለቅስ ብቻ እሰማለሁ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ያ ሁሉ ሙቹዋ ያበላኝ ሰው፣ ሆን ብሎ ነው፣ ሰክሮ ነው፣ ላምባ ሻጮች ልከውት ነው አለ። ይህ የመጨረሻው ነው አጥንቴ ድረስ የገባው፤ የሐጂ ሰው መሆኔን ሁሉም ያውቃልና። የቡና ቤቷ ባለቤት፣ «ሞተሩ ይሸጥ! ላምባችን ይበቃናል! ላምባ ፈንድታ ታውቃለች?» ስትል ግማሹ ሰው አጨበጨበላት። አቶ ላሊሶ ወደ እኔ አላዩም። «ከነገ ወዲያ እንቆርጣለን» ብለው በተኑን። ወደ ቤት ስገባ አስቴር አልጋውን ለመፍታት መፍቻ ስትፈልግ አገኘኋት። «ስለምንሄድ አይደለም» አለችኝ፤ «ምናልባት ከሄድን ብዬ ነው።» ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የዚያን ሁለት ቀን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሞተሩ ከተሸጠ እኔም አበቃልኝ፤ ሦስት ልጅ ይዤ የምገባበት በር የለኝም።

በቀጠሮው ቀን ስብሰባው ግን ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰዉ በርዷል። አቶ ላሊሶ፣ «መጀመሪያ የሆነውን የሚያስረዳን ይናገር» ሲሉ መምህር አድማሱ ተነሡ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ካኪ ኮት ክረምት ከበጋ አይለያቸውም። የምርቃቱን ነገር ለእሳቸው ነግሬያቸው ነበር። «እናንተ፣» አሉ፣ «ይህ ሰው የሠራው ጥፋት የደግ ሰው ጥፋት ነው። መብራትን እንደ ላምባ ቆጥሮ ምርቃት ሊጨምርላችሁ ነው። መብራት ግን በበርሜል አይቀመጥም። በዚህች ደቂቃ የሚመረተው በዚህች ደቂቃ ማለቅ አለበት፣ የጠየቁትን ያህል ብቻ። ቢጎድልም ይጎዳል፣ ቢተርፍም ያቃጥላል። አሁን ይህንን ከዳልኬ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ቤሌ ውስጥ የለም፤ አባራችሁ ሌላ ብታመጡ እሱም ተራውን ያቃጥላችኋል።» ሰዉ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። አቶ ላሊሶ፣ «ዳልኬ ይቆይ» አሉ፣ አለቀ።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ ከሶዶ አንድ ካርቶን አመጣ፣ ላዩ ላይ በዘይነባ እጅ «ለዳልኬ፣ ቤሌ» ተብሎ ተጽፎበታል። አምፖሎች ነበሩ፣ በገለባ ተጠቅልለው፤ ሐጂ ሸምሱ ናቸው የላኩት። ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ወንበር ላይ እየወጣሁ አንድ በአንድ ገጠምኳቸው። በዚያ ምሽት የነዳጅ መስጫውን ስይዝ አስቴር እጇን እጄ ላይ ጫነች። መርፌዋ ጭረቷ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤሌን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ አንዲት ፀጉር ያህል አላለፈችም። ሶዶ ስሄድ ሐጂን ላመሰግን ገባሁ፤ እጃቸውን አወናጭፈው፣ «አምፖል ነው፣ ምኑ ይመሰገናል?» ብለው ወሬውን ወደ በቆሎ ዋጋ መለሱት። እኔም አመሰገንኩ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ቀላል ነው። ዋናው መስመር ቤሌ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ዝም አለ፣ መብራቱን የሚያስፋፉት ሰዎች ግን ቤቱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ፈለጉና ወሰዱኝ። ቆጣሪ አንባቢ ሆንኩ፣ ሶዶ ተመለስኩ፣ ዱቦ፣ ቦዲቲ፣ አረካ በእግሬም በብስክሌትም ዞርኩ። ውሻ ነክሶኛል፣ ዝናብ መትቶኛል፣ እናቶች ቦዬ ቀቅለው ጠብቀውኛል። ጡረታ ስወጣ ደግሞ የፀሐይ መብራት እየሸጥኩ ገጠር ለገጠር ዞርኩ፤ ፀሐይን የሚያህል ነገር እየሸጡ ናፍጣ የለበትም ወይ ብሎ የሚፈትን አለመኖሩ ገርሞኛል። ሰው ሲጠይቀኝ አራት ሥራ ቀይሬያለሁ እላለሁ፤ አስቴር ግን «አንድ ነው፣ ሁሌም የምትሸጠው ማምሻ ነው» ትለኛለች። ትንሿ ልጄ ደግሞ መሐንዲስ ሆና እዚሁ ሶዶ አጠገብ፣ ከኦሞ የሚመጣው ኃይል ወደ ኬንያ ከሚሻገርበት ጣቢያ ጥገና ላይ ስትሠራ ቆየች። ዓምና ወደ ሽያጩ ክፍል ተዛውረሽ አዲስ አበባ ነይ ሲሏት ፈራች፤ «አባዬ፣ እኔ ብሎን ነው የማውቀው፣ ጎረቤት አገር በየሰዓቱ ስንት እንደሚፈልግ እያየሁ መሸጥ አልችልም» አለችኝ። የቤሌን ነገር ነገርኳት። ሄደች። አሁን ስትደውል «እንዴት ዋላችሁ» ከማለቷ በፊት፣ «ዛሬ ስንት ጠየቁሽ? ስንት ሰጠሽ?» እላታለሁ። «እኩል ነው አባዬ» ስትለኝ እራት ይጣፍጠኛል።

ይህን ሁሉ ሚኒባሱ ውስጥ ለዘይነባ አወራሁላት። ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት እንደማደርገው ታሪኩን መምህር አድማሱን አመስግኜ ጨረስኩ፤ «የዚያ ሰው አንደበት ነው ቤቴን ያቆመው» አልኳት። ዘይነባ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«አቶ ላሊሶ አልነገረህም እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በመሀሉ ቀን ሶዶ መጥቶ ነበርኮ። እኔ ባንኮኒው ላይ ነበርኩ። ሞተሩን ሊሸጡት ነው፣ ለከተማው ሁለት በርሜል ላምባ ሊጭን መጣ። ያን ጊዜ መጋዘናችንን ብታይ፣ በርሜል በበርሜል ላይ ተቆልሎ የሚገዛ የለም። አባዬ ሌሊት አይተኛም ነበር፣ ለሻሸመኔ ሰዎች ምን እላለሁ እያለ። እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ። አባዬ ግን ምን እንደሆነ ሲነግረው፣ አልሸጥም አለ።»

«አልሸጥም?»

«በርሜል አልሸጥም አለው። አቶ ላሊሶ ተቆጣ፣ ላምባ ነጋዴ ላምባ አልሸጥም ይላል ወይ ብሎ። አባዬ ጀሪካን አንሥቶ ራሱ ሞላለት፣ እጁ ላይ አስያዘው፣ እንዲህ አለው፤ ‹በርሜል ከሸጥኩላችሁ ሞተሩን ትሸጣላችሁ። ይቺ ጀሪካን ለሦስት ቀን ትበቃችኋለች። ከዚያ በኋላ አያስፈልጋችሁም፤ ዳልኬ ያበራዋል።› እኔ ለሳምንት አኩርፌው ነበር፣ ዳልኬ፣ እውነቱን ልንገርህ። ቤታችን ሲጎድል እያየሁ እንዴት አልኮርፍ? አምፖሉን ጠቅልዪ ሲለኝም እያጉረመረምኩ ነው የጠቀለልኩት።»

አቶ ላሊሶ ያን ቀን ከአውቶቡስ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ፤ አንዲት ጀሪካን በእጃቸው፣ ፊታቸው የተዘጋ። መምህር አድማሱ ባይናገሩ ምናልባት አንገቴን ደፍቼ እኖር ነበር፣ ምስጋናቸው አይቀነስባቸውም። ከቤሌ ያላስወጣኝ ግን ላምባው ሳይሸጥ እየቀረበት፣ መጋዘኑ እየታፈነ፣ ለገበያተኛው «ጥቂት ውሰድ» ያለ ሰው ነው። እኔ እሳቸውን ለአምፖል ብቻ አመስግኜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በሱቃቸው ፊት አልፌያለሁ፤ ቀብራቸው ላይ እንኳ ከኋላ ቆሜ በጊዜ ተመልሻለሁ። አስቴር ማታ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ትናንት የዘይነባ ወንድም ወደ ሙስሊሞች መቃብር ይዞኝ ሄደ። ሣሩ ታጭዶ ንጹሕ ነው። እዚያ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ቆቤን አውልቄ ቆምኩ፤ እሱ ዱዓውን እስኪጨርስ ጠበቅሁና ወደ ድንጋዩ ጠጋ አልኩ።

«ሐጂ፣» አልኳቸው፣ «በርቷል።»